ፓስተሩን ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ

ልጅ ሆኜ ከሳምንቱ ቀናት ሰንበትን የሚያህልብኝ አልነበረም። ከሰንበቶችም ሁሉ ተፈታኝ የሚመጣበት ሰንበት ይበልጥብኝ ነበር። ተፈታኝ የምላቸው ፓስተር ሊሆኑልን የሚመጡትን ሰዎች ነው። የእኛ አጥቢያ ፓስተር አልነበረውም፤ ስለዚህ በየጊዜው ከሌላ ከተማ አንድ ሰው ይጋበዛል፤ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ይሰብካል። ከዚያ የፍለጋ ኮሚቴው እኛ ቤት ምሳ ያበላዋል። ሰውየው ከተሸኘ በኋላ ኮሚቴው እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥና ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያብጠለጥለዋል። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ነኝ። የጠረጴዛው ልብስ መሬት ሊነካ ስንዝር ያህል ይቀረው ስለነበር ጫማዎች ብቻ ይታዩኛል፤ ወሬው ግን አንድም አያመልጠኝም።

ምሳው እኛ ቤት የሚበላው ቤታችን ከአዳራሹ ጀርባ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ ስለነበረ ነው። አባቴ የአጥቢያው ፓስተር ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ አንድ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለችና በዚያው አረፈ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት እኔና እማዬ ቀረን። ቤቱ የእኛ ይመስለኝ ነበር። ለምንስ አይመስለኝም? እዚያ ተወለድኩ፣ እዚያ ድክ ድክ አልኩ፣ የበሩ መዝጊያ የት ጋ እንደሚያጣብቅ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ቤቱ የቤተ ክርስቲያኑ መሆኑን፣ አዲስ ፓስተር በመጣ ቀን እኔና እማዬ ለቅቀንለት እንደምንወጣ፣ ከእኔ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ለእኔ አዲስ ፓስተር ማለት አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ በሌላ የማይለወጥ የምሳ እንግዳ ነበር።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሰዓት ሠሪው ነበሩ። ስብከት ሲጀመር የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ስለሚያስቀምጡ ሰው ሁሉ ጋሼ ደቂቃ ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ሳይቀር። ሁለተኛዋ ነርሷ ናቸው፤ እማዬ እትዬ የምትላቸው፣ ሰላም ሲሉህ እንኳ እጅህን ይዘው የልብ ትርታህን የሚቆጥሩ የሚመስሉ። ሦስተኛው የጭነት መኪና ሹፌሩ ነው። የእሱ ሹክሹክታ ከሌላ ሰው ጩኸት ይበልጣል።

የመጀመሪያው ተፈታኝ ቀጠን ያለ፣ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ነበር። መስበክ ሲጀምር አዳራሹ ረጭ አለ። ከፊታችን የሚቀመጡት ወይዘሮ፣ የቦርሳቸውን መክፈቻ ጠቅ ጠቅ ሳያደርጉ ስብከት የማይገባቸው ሴትዮ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። እማዬ መሐረቧን አወጣች። እኔ ምን እንዳለ ትዝ አይለኝም፤ ግን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆሞ ስዳብሰው እንደነበር አስታውሳለሁ። መጨረሻው ላይ ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና «እህ» ብሎ ሳለ።

ምሳ አልቆ ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንግዳውን ቤት ማስጎብኘት የእኔ ሥራ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴን በራሴ የሾምኩበት ሹመት ነው።

«ይሄ የእማዬ ክፍል ነው፤ ጫማዎን ያውልቁ። ይሄ የአባዬ መጻሕፍት፤ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን ታራግፋለች። ይሄ የእኔ አልጋ። አባዬ ራሱ ነው የሠራልኝ፤ እዩት፣ አይንቀጠቀጥም!» እላለሁና እዘልበታለሁ።

ተፈታኞቹ ሲገቡ ደስ ብሏቸው ይገባሉ። አልጋዬ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። እኔ አልጋው አስደንቋቸው ይመስለኝ ነበር። ያ ቀጭኑ ሰውዬ አልጋው ጫፍ ላይ እጁን አሳርፎ ቆየና «ጥሩ አናጢ ነበር አባትሽ» ብሎኝ ወጣ። ሹፌሩ ከበር ላይ ቆሞ ይመለከተን ነበር። ራሴን ዳበሰና «ይህቺ ልጅ ከሁላችንም በላይ ትሠራለች» አለ። ጉራዬ ሳምንቱን ሙሉ አልበረደልኝም።

እንግዳው ተሸኝቶ ኮሚቴው ሲቀመጥ ከጠረጴዛው ሥር ሹልክ አልኩ።

«እህሳ? እንዴት ነበር?» አሉ ጋሼ ደቂቃ።

የሹፌሩ ትልቅ ጫማ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል።

«ስብከቱማ ምን ይወጣለታል» አሉ ነርሷ በመጨረሻ። «ግን… ሳለ።»

«ሳለ!» አለ ሹፌሩ፣ ጠረጴዛውን መትቶ። «እኔም ሰምቻለሁ! ኧረ በደንብ ነው የሳለው!»

«አንድ ጊዜ መሰለኝ» አሉ ጋሼ ደቂቃ።

«አንዴ የሳለ ሰው ደግሞ መሳሉ አይቀርም። በነርስነት ስንት ዓመቴ ነው፤ ያ ሳንባ የሚያስተማምን አይደለም።»

«እንግዲህ ጤና ከሌለው…» ጋሼ ደቂቃ የሰዓታቸውን ክዳን ጠቅ አድርገው ዘጉ። አለቀ።

እማዬ ሻይ ይዛ ስትገባ ሦስቱም ስለ ጣሪያው ያወሩ ጀመር። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ክረምት ሳይገባ ይቀየርላት፤ የኩሽናው መስኮትም አይዘጋም። ሹፌሩ በማግስቱ መሰላል ተሸክሞ መጣና ጣሪያውን ጠገነ። ፓስተር የሚፈልግ ኮሚቴ ቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁም። መሰላል ላይ መውጣት ስለተፈቀደልኝ ከዚያ በላይ ማወቅ አልፈለግሁም።

እንዲህ ተጀመረ። ሁለተኛው ተፈታኝ ረጅም ነበር፤ «አምፖላችንን በግንባሩ ይሰብርብናል» ብሎ ሹፌሩ ጣለው። ሦስተኛው ስብከቱን ቶሎ ጨረሰ፤ ጋሼ ደቂቃ «ሰዓቴን ከኪሴ አውጥቼ ሳልጨርስ አሜን አለ» ብለው አዘኑ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ድምፁ ያማረ ነበር፣ እንዴት ያማረ! መዘምራኑ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ነርሷ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ድምፅ አይሆንም። ሰው ድምፁን ሲሰማ ይውልና ቃሉን ይረሳዋል።»

እኔ በኮሚቴያችን እንዴት እንደኮራሁ! ትምህርት ቤት «እኛ ዘንድ ፓስተር መሆን ቀልድ አይደለም» እያልኩ ሰው ሁሉ ላይ ጉራ እነዛ ነበር። ጓደኞቼን ሰብስቤ ተፈታኝ እንጫወታለን፤ አንዷ ትሰብካለች፣ እኛ እንጥላታለን። ማለፍ የሚባል ነገር በጨዋታው ውስጥ አልነበረም።

አጥቢያው ግን እየሳሳ ነበር። ይህን ያኔ አላየሁትም፤ አየሁት ብል እንኳ ባዶ አግዳሚ ማለት ለእኔ እንደ ልብ የሚንሸራተቱበት አግዳሚ ማለት ነው። የሹፌሩ ልጅ ሠርግ የሚያጋባ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተላለፈ። ሰው ሲታመም የሚጠይቀው ጎረቤቱ ብቻ ሆነ። ቦርሳ ጠቅ የሚያደርጉት ወይዘሮ ባለቤታቸው ሲሞቱ መቃብር ላይ መጽሐፍ ያነበቡት ጋሼ ደቂቃ ነበሩ፤ ገጹ ጠፋባቸው፤ ሰውም ቆሞ ጠበቃቸው። ብዙዎች ወንዙን ተሻግረው ማዶ ወዳለው አጥቢያ መሄድ ጀመሩ።

በቅርቡ ጋሼ ደቂቃን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ዛሬ የሰዓቱን ቆጣሪ አያዩትም፤ ሆኖም ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል። «ያ ሳለ ተብሎ የተመለሰው ሰውዬ ትዝ ይልዎታል?» አልኳቸው።

«እንዴት እረሳዋለሁ?» አሉኝ። «በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ስብከት ሰምቼ አላውቅም። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው።»

«ታዲያ ለምን መለሳችሁት?»

«ምን እናድርግ ልጄ? ምሳ በበላን ቁጥር እናትሽ ሳህን ስታነሳ እናያታለን። አንቺ ደግሞ አልጋሽን ስታስጎበኚ እንሰማለን። ይሄ ሰውዬ ይሁን ብሎ እጁን የሚያወጣ፣ እናንተን ውጡ ማለቱ አይደለም? ማን ይድፈራት? ተማክረን እንዳይመስልሽ። እንዲያው እያንዳንዳችን ለየብቻ ሰበብ ስንፈልግ እዚያው ተገናኘን።»

እማዬ ፎቶ ቤት ነበር የምትሠራው። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት፣ ወረቀቱን በመድኃኒት ውሃ ውስጥ እየነከረች የሰው ፊት ታወጣለች። አንዳንዴ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ እገባለሁ፤ ምንም የሌለበት ነጭ ወረቀት ላይ መጀመሪያ ፀጉር፣ ከዚያ ቅንድብ፣ ከዚያ ሙሉ ሰው ብቅ ሲል ልቤ ይዘላል። እማዬ ግን ብዙ አትናገርም ነበር። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሥራዋን ትሠራለች፣ ታበላኛለች፣ ታጥበኛለች፤ ስትስቅ ግን አልሰማኋትም። እንዴት ትስቅ እንደነበር ራሱ እየጠፋብኝ ነበር።

አንድ ሰንበት ወጣት ተፈታኝ መጣ። ጥሩ ሰበከ፤ ሕፃናቱን በየተራ ጨበጠን፤ ምሳውን አሟጦ በላ። ሲሸኝ እኔ ቦታዬን ያዝኩ።

«እንግዲህ ይሄኛው…» አሉ ጋሼ ደቂቃ፣ እየተጨነቁ።

«ጫማውን አይታችኋል?» አለ ሹፌሩ። «መስታወት ነው የሚመስለው። እንዲህ ጫማውን የሚወድ ሰው በጭቃ ሄዶ የታመመ ይጠይቃል?»

«እውነትህን ነው፤ ጫማው…» አሉ ነርሷ።

ያኔ የእማዬ እግሮች በሩ ላይ ሲቆሙ አየሁ። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ትንሽ ተንጫጩና ዝም አሉ። እግሮቿ ወደፊትም ወደኋላም ሳይሉ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና ወደ ኩሽና ተመለሱ። የዚያን ዕለት ሻይ ሳይመጣ ቀረ፤ ሹፌሩ «ምነው ሻዩ ቀረሳ?» ሲል ነርሷ በጫማቸው ጫማውን ረገጡት። እኔ እማዬ ሻይ ቅጠል አልቆባት ይሆናል ብዬ አዘንኩላት።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። ከሥራ ዘግይታ ትመጣለች፤ ከፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋር ደረጃ ላይ ቆማ ታወራለች፤ በጣቶቿ የሆነ ነገር ትለካለች። ቀጣዩ ተፈታኝ ሊመጣ ሲል ደግሞ ነርሷን «እትዬ፣ የዚህኛው ምሳ እርስዎ ቤት ይሁን» አለቻቸው። እኔ አበድኩ። ማን ሊያስጎበኘው ነው? አልጋዬን ሳያይ እንዴት ፓስተር ይሆናል? እማዬ ወይ ፍንክች አለች።

ያ ሰንበት መጣ፣ ያም ሰው መጣ። አጭር፣ ድብልብል ያለ፣ ኮቱ ከመንገድ የተጨማደደ። ስሙ ተጠርቶ መድረኩ ላይ ሲወጣ ደረጃው አደናቀፈው። መጽሐፍ ቅዱሱ በአንድ በኩል፣ መነጽሩ በሌላ በኩል በረረ፤ እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ አረፈ። አዳራሹ በድንጋጤ ትንፋሹን ያዘ። ሰውየው ቀና አለና መሳቅ ጀመረ። ከሆድ የሚወጣ፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ። «ይኸው እንግዲህ፣ መንበርከኩን ከሁሉ አስቀደምኩት» አለ። መጀመሪያ አንድ ሕፃን ሳቀ፣ ከዚያ መዘምራኑ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከአትሮንሱ ጀርባ ሲቆም ግንባሩ ብቻ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ወጥቶ ከጎኑ ቆመና ሰበከ። በዚያች ሰዓት ነፍሴ ወደደችው። ይሄ ሰው ከወደቀ እኔ ራሴ ኮሚቴውን አባርራለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ምሳው ነርሷ ቤት ተበላ። ተፈታኙ አውቶቡስ ከተሳፈረ በኋላ ኮሚቴው በልማዱ ወደ እኛ ጠረጴዛ መጣ። እኔም በልማዴ ገባሁ። ያልተለመደው አንድ ነገር ነበር፤ እማዬ ወንበር ስባ «ዛሬ እኔም እቀመጣለሁ» አለች።

አራት ጥንድ ጫማ።

«አጭር ነው» አለ ሹፌሩ፣ ለራሱም ሳይጥመው። «ከአትሮንሱ ጀርባ አይታይም።»

«የሚቆምበት ሳጥን ይሠራለታል» አለች እማዬ።

«ወፈር ይላል» አሉ ነርሷ። «ደም ግፊት…»

«እርስዎ እያሉልን ምን ይሆናል?»

ጋሼ ደቂቃ የሰዓታቸውን ክዳን ጠቅ አድርገው ከፈቱ። «ይስቃል» አሉ። «መድረክ ላይ ቆሞ እንዲያ መሳቅ…»

«ጋሼ» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ፣ «እኛ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው?»

ያኔ ሰዓታቸው ሲቆጥር እስከ እኔ ይሰማ ነበር።

«የፎቶ ቤቱን ፎቅ፣ ሁለቱን ክፍሎች፣ ተከራይቻለሁ» አለች እማዬ። «ቀለም እቀባቸዋለሁ። ወሩ ሲያልቅ ዕቃ ይገባል። እስከ ዛሬ ስታደርጉልኝ የኖራችሁትን አውቄዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ባለቤቴ የደከመለት ቤተ ክርስቲያን በእኔ ምክንያት አይዘጋም። አሁን የሰውየውን ጥፋት ንገሩኝ።»

የነርሷ እግሮች ተቆላለፉ፤ ከላይ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ሹፌሩ አፍንጫውን እንደ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ጋሼ ደቂቃ «እንግዲያው ጥፋት የለበትም» አሉና ሰዓታቸውን ዘጉ።

አለፈ! የእኔ ሰው አለፈ! መቆየት አቃተኝና «እልልል!» ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ስወጣ ራሴን ከጠርዙ ጋር አጋጨሁ፤ አንድ ብርጭቆ ተሰበረ። «አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች እማዬ ደንግጣ። ነርሷ ግን ስበው እቅፋቸው ውስጥ ወተፉኝ፤ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ጨመቁኝ። አዋቂ በደስታ እንዲህ እንደሚያለቅስ አላውቅም ነበር።

ክፍሎቹ ለማን እንደተከራዩ ግን ወዲያው ገብቶኛል። ለአዲሱ ፓስተር ነዋ! ለሌላ ለማን ሊሆን ይችላል? እኛማ ቤት አለን።

እናቴን እንዳላስወቅሳት፣ ነግራኛለች። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ «እዚያ ነው የምንኖረው፣ እኔና አንቺ» እንዳለችኝ፣ እኔም «እሺ» ብዬ ወደ ገመድ ዝላዬ እንደሮጥኩ ትምላለች። እኔ ምንም ትዝ አይለኝም። በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቶ ይሆናል፤ ያን ሰሞን ጆሮዬ ሁሉ በደስታ ተደፍኖ ነበር።

እንዴት ያለ ሰሞን ነበር! ከትምህርት ቤት ስወጣ በሩጫ ፎቶ ቤቱ። እማዬ ፀጉሯን በጨርቅ ጠቅልላ ግድግዳውን ቢጫ ትቀባለች፤ እኔ ከታች፣ እጄ እስከሚደርስበት እቀባለሁ። መስኮቱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ያያል፤ ፓስተሩ ከዚህ ሆኖ ማን መጣ ማን ሄደ ይላል። አንደኛው ጥግ ደግሞ ፀሐይ ይገባበታል፤ እዚያ ያነባል። ሁሉን ነገር አሰብኩለት።

«እማዬ፣ ደስ የሚለው ይመስልሻል?» አልኳት አንድ ቀን።

ብሩሹን ይዛ ቆመች። ቢጫ ቀለም ክንዷ ላይ ተንጠባጠበ። «አዎ» አለችኝ። «ደስ ይለዋል። እሱ ቢሆን መስኮቱን ያስፋው ነበር።» ፓስተራችን አናጢነትም ይችላል ማለት ነው ብዬ የበለጠ ወደድኩት።

የአቀባበሉ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት የሹፌሩ መኪና በራችን ላይ ቆመ፤ ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ጠረጴዛው ወጣ፣ ወንበሮቹ ወጡ፣ የአባዬ መጻሕፍት በሳጥን በሳጥን ወጡ። ለፓስተሩ ስንት ነገር እንደምናውሰው ሳይ ልቤ በኩራት አበጠ። እንደ እኛ ያለ ለጋስ የት ይገኛል? ሹፌሩ አልጋዬ ጋ ሲደርስ አመነታ።

«ይውሰዱት ጋሼ!» አልኩት። «የእኔንም ይውሰዱለት! እኔ ከእማዬ ጋር እተኛለሁ!»

ሹፌሩ የያዘውን ገመድ ለቀቀና ወደ መኪናው ኋላ ዞረ። እስኪመለስ ድረስ ብዙ ቆየ። ሲመለስ አልጋዬን ማንንም ሳያስነካ ለብቻው ተሸክሞ አወጣው።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። መኪናው ዕቃችንን አራግፎ፣ ታጥቦ፣ አበባ ታስሮበት ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሄደ። መዘምራኑ ጊታራቸውን አንግበው በሰልፍ ቆሙ፤ ማዶ የተሻገሩት ሁሉ ሳይቀሩ ተመልሰው መጥተዋል። እኛ ልጆች እስከ መታጠፊያው እየሮጥን ስንመለስ፣ «መጡ?» ስንባል፣ «ገና!» ስንል፣ ደግሞ ስንሮጥ ላብ በላብ ሆንን። ጥሩምባው ሲሰማ ከሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ። «መጣ! መጣ!» ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ፓስተሩ ከሹፌሩ ጎን እንደ ልጅ እጁን ያውለበልባል። ሲወርድ የመኪናው መርገጫ አዳለጠው፤ ሹፌሩ በኮቱ ያዘው፤ ሕዝቡ በጭብጨባ መንገዱን አናጋው። ባለቤቱና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ነው የሚመጡት ተብሏል፤ ለጊዜው ብቻውን ነው። አዳራሹ ውስጥ አትሮንሱ ጀርባ የተሠራለት ሳጥን ላይ ወጣ፤ ሙሉ ፊቱ ታየ፤ ዙሪያውን ተመለከተና «ከዚህስ ላይ ሁላችሁም ቆንጆ ናችሁ» አለ። ጋሼ ደቂቃ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ሻይና ኬክ ሆነ። እማዬ «ዕቃ ላስተካክል» ብላ ቀድማ ወጣች፤ ነርሷ እንዲያመጡኝ አደራ ብላለች። ነርሷን ግን ማን ያስቀምጣቸዋል፤ ሁሉም ሰው ይጠራቸዋል። እኔ ስጫወት ቆየሁና ውሃ ስለጠማኝ እንደ ልማዴ ወደ ቤት ገባሁ።

ቤቱ ባዶ ነው። ድምፄ ይመለሳል። ፓስተሩ ሻንጣው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል፤ የአባዬ ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ቀርቷል።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኩት።

«እኔም ራሴን እሱን እየጠየቅሁ ነበር» አለና ሳቀ። «አንቺስ?»

«ውሃ ልጠጣ። ቤቴ ነዋ።»

«ቤትሽ?»

አሳዘነኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስበው፣ ዘምረው፣ ኬክ አብልተው፣ ቤቱን ያሳየው አንድ ሰው አልተገኘም! «የእርስዎ ቤት እዚህ አይደለም» አልኩት። «ይሄ የእኛ ነው። ያ የእማዬ ክፍል፣ ያኛው የእኔ። ዕቃችንን ለእርስዎ ስላዋስን ነው ባዶ የሆነው። አልጋዬ እዚያ ጋ ነበር፤ አባዬ ነው የሠራልኝ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። እንደ ሌሎቹ ተፈታኞች ዝም አለ። ከሻንጣው ላይ ተነሣ፣ የበሩን መቃን ነካ፣ እኔን አየ። «የእኔ ቤት ታዲያ የት ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ፎቶ ቤቱ ፎቅ ላይ። ይምጡ፣ ላሳይዎት!»

እጁን ያዝኩ። ትልቅና ሞቃት ነበር። በዋናው መንገድ ወሰድኩት፤ ሰው ሁሉ እየተነሣ ሰላም ይለናል፤ እኔ ግራና ቀኝ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሆኜ አላውቅም። ጋሼ ደቂቃ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ሁለታችንን አዩ፣ አቅጣጫችንን አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም ሳይሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛም አለፍናቸው፤ ደረጃውን ወጣን፤ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

«እማዬ! ፓስተሩ ቤታቸው ጠፍቷቸው ነበር፤ አምጥቻቸዋለሁ!»

እማዬ መሬት ላይ ተንበርክካ ነበር። አልጋ እያነጠፈች ነው። አልጋዬን ነው፤ በእኔው ብርድ ልብስ። የአባዬ ፎቶ ቢጫው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ጫማዬ። ፓስተር በእኔ ዩኒፎርም ምን ያደርጋል? እዚያው ቆሜ አሰብኩት። ፎቶው ውሃ ውስጥ ሲወጣ እንደማየው ነበር፤ መጀመሪያ ዩኒፎርሙ፣ ከዚያ ጫማው፣ ከዚያ የእማዬ አልጋ ከእኔ አልጋ አጠገብ፣ ከዚያ ነገሩ ሁሉ። የፓስተሩን እጅ ለቀቅሁ።

«አልነገሩኝም» አለ ፓስተሩ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። «እምላለሁ፣ ማንም አልነገረኝም።»

«እንዳይነግሩዎት የለመንኳቸው እኔ ነኝ» አለች እማዬ፣ እየተነሣች።

«ይሄማ አይሆንም። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የትም ልደር። ዕቃውን አሁኑኑ እናስመልሳለን፣ ሹፌሩን…»

«ፓስተር» አለች እማዬ። ቀሚሷን አራገፈች፣ ፀጉሯ ላይ ያሰረችውን ጨርቅ ፈታች። «እነዚህ ሰዎች ለእኔ ብለው ስንቱን ሲመልሱ ኖረዋል። እርስዎን እኔ አልመልስዎትም። ይህ ቤቴ ነው፤ እርስዎም ቤቴ የመጡ የመጀመሪያው እንግዳዬ ነዎት። እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ።»

ፓስተሩ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» አለ። ወንበሮቹ ገና ተደራርበው ታስረው ነበር። ዞር ዞር አለና የአባዬ መጻሕፍት ከወጡበት ባዶ ሳጥን ላይ በጥንቃቄ፣ በአክብሮት ተቀመጠ።

ሳጥኑ አልቻለውም። ሲንቋቋ ሰማነው፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ፓስተሩ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ሳጥኑ ውስጥ ተቀረቀረ። «እዚህም ደግሞ ሳጥን ሊሠራልኝ ነው» አለ ከውስጥ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። ልታወጣው እጁን ትስባለች፣ ሳቋ ጉልበቷን ይወስድባታል፣ ደግሞ ትለቀዋለች፤ እሱም አብሮ ይስቃል፣ ሳጥኑም አብሮ ይንቋቋል። ለካስ እንዲህ ነበር የምትስቀው። ረስቼው ነበር።

እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። የሚጨርሱ አልመሰሉኝም። ሄጄ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ትንሽ ዘለል ዘለል አልኩበት። አልተንቀጠቀጠም። ለካ ለማንም አላዋስኩትም።